የአሥራ አራቱ ሪሲቨሮች ፍርድ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቨርሊን ስቶዳርድ ቤት ስልክ ከጮኸ ደዋዩ ዴልበርት ነው። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። ዴልበርት የቨርሊን ሚስት የዊላ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶትም "ትንሽ ጠብቅ" የሚባለው ቃል ትርጉሙ ሳይገባው የቀረ ሰው። በዚያ የመጋቢት ወር ለዘጠኝ ቀን በተከታታይ ደውሏል። የሚጠይቀውም ያንኑ ነበር፤ "የኔ ታየ ወይስ አልታየም?"

አልታየም ነበር። ቨርሊን ጋራዥ ውስጥ አሥራ አራት ሪሲቨሮች ተራቸውን እየጠበቁ ነበር፤ አሥራ አራት ሽማግሌዎች ደግሞ ምጥ እንደያዛት ሴት ዘመድ ደጅ ደጁን ያዩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ሃርሞን ፎርክ በምትባል ከተማ የጦር ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ክበብ አለ። አባላቱ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ የሚሰበስቡትም አባቶቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሸከሙትን ዓይነት ጠመንጃ ነው። ከሁሉ የሚወዱት ካርባይን የሚባለውን ቀላሉንና አጭሩን ነው። ብዙዎቹ አልጋቸው ሥር በካርቶን ያስቀመጡት የዚያ ዘመን ሰደፍ፣ በርሜልና መዝጊያ አላቸው። የሌላቸው ሪሲቨሩ ነው፤ ማለትም በርሜሉም መዝጊያውም ቃታውም የሚሰካበት ዋናው ብረት። ጦሩ የተረፉትን ጠመንጃዎች ሲያስወግድ በእሳት የሚቆርጠው እሱን ነበርና፣ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ የተበተነ እንጨትና ብረት ነው። አሁን ትንንሽ ወርክሾፖች ሪሲቨሩን አዲስ እየሠሩ ይሸጣሉ። አንዳንዱ ከጥንቱ የማይተናነስ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀለም የተቀባ ጉድ ነው። ጉዱን ከደህናው የመለየት ሥራ የቨርሊን ነበር። በኩሽኔታ ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት የጥራት መርማሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ፋብሪካው ሲዘጋ የብረት ጥንካሬ መለኪያ ማሽኑን በፒክአፑ ጭኖ ወደ ቤቱ አምጥቷል። አገሬው "ቨርሊን ካለ አለቀ" ይል ነበር፤ ቨርሊንም ይህን መስማት አይጠላም።

በዚህ ዓመት አሥራ አራቱ አባላት ተባብረው ኬንታኪ ከምትገኝ ሎረና ታኬት ከምትባል ሴት ወርክሾፕ አዘዙ። ቨርሊን መርምሮ የፈረመበት ካርድ ሳይንጠለጠልበት ማንም እንዳይገጥም ተስማሙ። መስማማት ቀላል ነው። ሣጥኑ ከደረሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ፍርድ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዱ ከኢንተርኔት ያተመውን አርባ ገጽ ተሸክሞ መጥቶ፣ የማያውቃቸው ሰዎች የተሰዳደቡትን ሁሉ አነበበለት። ሌላው ስለ ጥንካሬው አንድም ሳይጠይቅ፣ የተቀረጹት ፊደላት ቅርጻቸው የጥንቱን ይመስል እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ቨርሊን ፊደል ቀጥ ማለቱ ፊትን ከመፈንዳት እንደማያድን ነገረው። ሰውየው አዝኖ ሄደ።

ቨርሊን የሚመረምረው በሦስት ነገር ነበር። መጀመሪያ በመለኪያዎቹ ስፋቱንና ጥልቀቱን ያያል። ቀጥሎ መዝጊያው የሚቆለፍባቸውን ሁለት ቦታዎች በብርቱ መብራት ሥር በአጉሊ መነጽር ይመለከታል። በመጨረሻ ማሽኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ጫፉ አልማዝ የሆነ መርፌ ብረቱን በታወቀ ክብደት ይጫነዋል፤ ምን ያህል እንደሰመጠም ሰሌዳው ላይ ይነበባል። ብዙ ከሰመጠ ብረቱ ልል ነው። ልል ብረት ክፋቱ በአንድ ቀን አለመሰበሩ ነው። በተተኮሰ ቁጥር መቆለፊያው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨፈለቀ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ቀለሁ ደጋፊ ያጣና ይቀደዳል፤ የፈነዳው ጋዝም መውጫው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው።

ዓርብ ዕለት ከላይኛው ረድፍ ሦስቱን መረመረ። ሦስቱም እንከን አልነበራቸውም። "ይቺ ሴት ሥራ ታውቃለች" ብሎ ለዊላ ነገራት፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው።

ቅዳሜ ዊላ አዲሱ ማቀዝቀዣ ጋራዥ ይግባልኝ አለች፤ ስለዚህ ማሽኑ ወደ ማዶው ግድግዳ መዛወር ነበረበት። ዴልበርት ሊያግዝ መጣ። ማገዙን አገዘ፤ አፉ ግን ከእጁ ይበልጥ ይሠራ ነበር። ማሽኑን ከዚህ ሲያነሱ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ከዚያ ሲያስቀምጡ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ መካከል ላይ ደግሞ ስለ ሪሲቨሩ። ቨርሊን የማሽኑን መቀመጫ፣ ማለትም የሚመረመረው ዕቃ የሚያርፍበትን ክብ ብረት፣ ነቅሎ መልሶ ተከለ። ዴልበርት አራተኛውን ሪሲቨር ከሣጥኑ አንስቶ፣

"እንግዲህ ይኸው ረዳሁህ፤ ይኸው ይሄ ደግሞ የኔ ይሁን። አሁን እየው፤ ቆሜ እጠብቅሃለሁ" አለው።

"ማሽኑ ገና አልታሰረም ዴልበርት።"

"በዓይንህ አታየውም? ሠላሳ አራት ዓመት ምን ስትሠራ ኖርክ?"

ቨርሊን በመለኪያዎቹ አየው፤ ልኩ ሁሉ ትክክል ነበር። በአጉሊ መነጽር አየው፤ ጽዱ ነበር። ዴልበርት በትከሻው ላይ ጎንበስ ብሎ እየተነፈሰ፣ ያየውን ሁሉ "ምን አየህ? ምን አየህ?" ይለዋል። ቨርሊን ካርዱን አንስቶ ፈረመበትና ከሪሲቨሩ ጋር እጁ ላይ አኖረለት። "ያዝና ከዓይኔ ጥፋ" አለው። ዴልበርት በደስታ እያፏጨ ሄደ፤ ጋራዡም ጸጥ አለ። ቨርሊን ያን ጸጥታ ምንም ቢከፍል የማይቆጨው መስሎት ነበር።

ሰኞ የቀሩትን አሥሩን ማሽኑ ላይ አወጣቸው። የመጀመሪያው ከሚፈለገው ሰባት ነጥብ ዝቅ ብሎ ተነበበ። ሁለተኛው ስድስት። ሦስተኛው ሰባት። አሥሩም ልል ሆኑ፤ አንዱማ፣ ቁጥሩ በሠላሳ አንድ የሚያልቀው፣ አሥራ አራት ነጥብ ዝቅ አለ። ቨርሊን ቆሽቱ አረረ። ነገሩ ወዲያው የገባው መሰለው፤ መንገድ ዳር እንጆሪ እንደሚሸጡት ሰዎች ጥሩውን ከላይ ደርድራ የበሰበሰውን ከሥር ደብቃለች። ኬንታኪ ተቀምጣ የኦሃዮ ሽማግሌ ከላይ ከላይ አይቶ ይተዋል ብላ ነው! ስለ ዴልበርት ሪሲቨር አንድ ሐሳብ ብቅ አለበት፤ ነገር ግን የዴልበርት ከላይኛው ረድፍ ስለሆነ ደህና ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ዴልበርትን መልሶ ለመጥራት አቅሙ አልነበረውም።

ፍርዱን ለክበቡ ጸሐፊ ለኦርቪል ሚንች በስልክ ነገረው። ኦርቪል በሕይወቱ ፈጥኖ የሠራው ነገር ቢኖር ያን ቀን የሠራው ነው። ሰዓት ሳይሞላ በመላ አገሪቱ ያሉ ሰብሳቢዎች በሚያነቡት የኢንተርኔት ገጽ ላይ "የታኬት ሪሲቨሮች ልል ናቸው፣ አትግዙ" ብሎ ከነቨርሊን ስም አወጣው።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጭቃ የለበሰ ፒክአፕ ግቢው ገባ። አምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የሥራ ጃኬት የለበሰች ሴት ወረደች። የእጇ ጥፍር ሥር የማይለቅ የዘይት ጥቁረት ነበር። በብብቷ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይዛለች።

"ሚስተር ስቶዳርድ እርስዎ ነዎት? ሎረና ታኬት እባላለሁ። አምስት ሰዓት ነድቼ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ ቁጭ በይ፣ ምን ልቅዳልሽ እንዳይሉኝ። ማሽኑን ያሳዩኝ።"

ቨርሊን እንዲህ ያለ ንግግር አልለመደም። ደብዳቤ መጻፍ ትችል እንደነበር ነገራት። እሷም ደብዳቤ መጻፍስ እሱም ይችል እንደነበር፣ እሱ ግን ለዓለም ሁሉ ነግሮ ለእሷ ብቻ እንዳልነገራት፣ በስምንት ቀን ውስጥም ከያዘቻቸው ትዕዛዞች አርባ አንዱ እንደተሰረዙባት፣ ድምጿን ሳታነሣ ዘረዘረችለት። አባቷ የከሰል ማዕድን ማሽን ይጠግንበት የነበረውን ወርክሾፕ እንዳይዘጋ ብላ ነው ይህን ሥራ የጀመረችው፤ አሁን የሚዘጋ መስሏል።

"ብረትሽ ልል ነው" አላት። "እኔ አይደለሁም ያላላሁት።"

"ማመሳከሪያ ብረትዎ የታለ?"

ጥንካሬው አስቀድሞ የታወቀ፣ ማሽኑ ልክ ማንበቡ የሚረጋገጥበት ቁራጭ ብረት ማለቷ ነው። ቨርሊን መሳቢያውን ከፈተ። ማመሳከሪያው ከፋብሪካው የመጣ ነበር፤ ፊቱ በመርፌ ምልክት ተበሳስቶ ፈንጣጣ የጨረሰው ፊት መስሏል። አዲስ ምልክት የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም።

"በዚህ የፈተኑት መቼ ነው?"

ቨርሊን አላስታውስም ማለት ከበደው። ማሽኑን እንደ ሚስቱ ያውቀዋል፤ ሚስቱን በየጠዋቱ ዊላ መሆንሽን አረጋግጪልኝ አይላትም።

ሎረና የእንጨት ሣጥኗን ከፈተች። ውስጡ በጨርቅ ተጠቅልለው የተቀመጡ ሦስት አዳዲስ ማመሳከሪያዎች ነበሩ። አርባ አምስት የሚለው የተጻፈበትን አውጥታ መቀመጫው ላይ አኖረችና ዞር አለች። "እርስዎ ይጫኑት፤ ነካካች እንዳይሉኝ።"

ቨርሊን ተጫነው። ሠላሳ ስምንት።

ቦታ ቀይሮ ደገመ። ሠላሳ ሰባት ተኩል። ሦስተኛ ጊዜ ሠላሳ ስምንት። ቨርሊን ማመሳከሪያው ስህተት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። እሷ ሁለተኛውን አወጣችለት፤ ያም ሰባት ዝቅ አለ። ሦስተኛውን አወጣችለት፤ እሱ ግን እጁን አነሣ። ከዚያ መቀመጫውን ነቀለ። ከሥሩ የዓሣ ቅርፊት የምታህል፣ የቀጠነች የብረት ፍቅፋቂ ተለጥፋ ነበር። ቅዳሜ ሲተክለው ገብታለች። መርፌው በተጫነ ቁጥር ዕቃው በዚያች ፍቅፋቂ ላይ ይሰምጣል፤ ሰሌዳውም የብረቱን ሳይሆን የዚያችን መስመጥ አብሮ ይቆጥራል።

ጠረጋት። መልሶ ተከለ። ማመሳከሪያውን ተጫነ። አርባ አምስት።

"እንግዲህ" አለች ሎረና።

ቨርሊን በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ጀማሪ መርማሪ "መጀመሪያ መቀመጫውን ጥረግ" ብሎ እንደተቆጣ ትዝ አለው። አንዱን ወጣትማ ሥራውን እስኪለቅ ድረስ አስመርሮታል። ይህን ለእሷ አልነገራትም። "አሥሩንም አሁን እንደገና" አለ ብቻ።

ቆመው ሠሩ። እሱ ይጫናል፣ እሷ ቁጥሩን ትጽፋለች። አንደኛው ደህና፣ ሁለተኛው ከሚፈለገውም አንድ ከፍ ያለ፣ ሦስተኛው ደህና። ሎረና እያንዳንዱን ቁጥር ስትጽፍ እርሳሷን እንደ ሚስማር ትመታው ነበር። ዘጠኙ አለፉ። አሥረኛው፣ በሠላሳ አንድ የሚያልቀው፣ ሰባት ነጥብ ዝቅ አለ። ቨርሊን ማመሳከሪያውን መልሶ አስቀመጠ፤ አርባ አምስት። ሪሲቨሩን መልሶ አስቀመጠ፤ ሰባት ዝቅ።

የእርሳሷ ድምፅ ቆመ። ሎረና ሪሲቨሩን አንስታ በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው፤ በዓይን እንደማይታይ እያወቀች።

ብረቱን በእሳት አግሎ የሚያጠነክርላት ሌላ ወርክሾፕ መሆኑን ነገረችው። በቅርጫት በቅርጫት ይመለስላታል፤ ከነወረቀቱ። "ከየቅርጫቱ አንድ አንድ ብቻ ነው የምፈትነው" አለች። "ወረቀቱ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ያሉት እሳቱ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሆናል።"

ቨርሊን አንድ ነገር ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወረቀት ማመን ስለሚባል ነገር ጥሩ ጥሩ አባባሎች ነበሩት። በዚያው ቅጽበት ግን የዴልበርት ሪሲቨር ቁጥር ትዝ አለው። በሠላሳ ሁለት የሚያልቅ ነበር።

"ጠርዝ ላይ ያሉት... ቁጥራቸው ተከታታይ ነው?"

"አብዛኛውን ጊዜ።"

"አንድ ያልፈተንኩት አለ" አላት።

"እንዴት አልፈተኑትም? ካርድ የፈረሙበት አራት ነው ተብያለሁ።"

"አራተኛውን ማሽን ላይ አላወጣሁትም። የሚስቴ ወንድም ነው።"

"ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ምክንያት ነው?"

"ብታውቂው ምክንያት ነው" አላት፤ ጃኬቱን እያነሣ።

የእሷን ፒክአፕ ይዘው ወጡ። ቨርሊን ለዴልበርት ከመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ደወለለት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚደውል ሰው ያን ቀን ስልኩን አላነሣም። ምክንያቱን ኮረብታው ላይ ሲወጡ ሰሙት፤ ከጎተራው ጀርባ ጥይት ይንጣጣል።

ዴልበርት ጆሮውን ደፍኖ፣ ያን የጓጓለትን ካርባይን አገጣጥሞ፣ አፈር ቁልል ላይ የተደረደሩ ጣሳዎችን ይመታ ነበር። ቨርሊንን ሲያይ ፊቱ በራ። ሁለት መቶ አርባ ጥይት እንደተኮሰ፣ አንዴም እንዳልነከሰበት ነገራቸው። መነጽር እንኳ አላደረገም።

"አስቀምጠው" አለ ቨርሊን። "ጥይቱን አውጣና አስቀምጠው።"

"ለምን?"

"አስቀምጠው አልኩህ።"

ዴልበርት አላስቀመጠም። ኪሱ ገብቶ የተፈረመውን ካርድ አወጣ፤ ላስቲክ አስለብሶታል። "ይሄ የማን ፊርማ ነው? ያንተ አይደለም? በራስህ ፊርማ ላይ ልትከራከር ነው የመጣኸው?" ከዚያ ወደ ሎረና ዞሮ፣ ይህ ሰው እህቱን ካገባ አርባ አራት ዓመት እንደሆነው፣ አንድ ቀን እንኳ ለእሱ የሰጠውን ነገር ሳይነጥቅ እንዳልቀረ አጫወታት። በአንድ ወቅት ያዋሰውን የእንጨት መሰላልም እንደ ምሳሌ ጠቀሰ። ሎረና ሰማይ ሰማይ አየች።

በስንት ልመና ጠመንጃው ባዶ ሆኖ የእርሻ ጋሪው ላይ ተጋደመ። ቨርሊን ከኪሱ "አይገባም" የሚሉትን መለኪያ አወጣ። በጥይት ቦታ ይገባና መዝጊያው ይገፋል፤ ጠመንጃው ጤነኛ ከሆነ መዝጊያው አይዘጋም። ቨርሊን በአንድ ጣት ገፋው። መዝጊያው ያለ ምንም ችግር፣ ዘይት እንደተቀባ በር፣ ተዘጋ።

"ይኸው" አለ ዴልበርት። "በትክክል ገባ።"

"መግባት የለበትም።"

"ታዲያ ከገባ ጥሩ አይደለም?"

"ዴልበርት፣ ስሙ 'አይገባም' ነው! ስሙ ራሱ ይነግርሃል!" ቨርሊን የራሱ ድምፅ ከጎተራው ግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ ሰማው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሎረና ወደ መሬት እያየች፣ ሁሉንም ነገረው። ብረቱ ልል መሆኑን፣ መቆለፊያው ተጨፍልቆ ወደ ኋላ መሸሹን፣ ከዚህ በኋላ አምስት ጥይት ይሁን አምስት መቶ ማንም እንደማያውቅ፣ እሱም ማሽን ላይ ሳያወጣው እንደፈረመለት።

ዴልበርት ካርዱን አገላብጦ አየው።

"የሌሎቹን ፈትነሃል?"

"ፈትኛለሁ።"

"የኔን ብቻ ነው የተውከው?"

"አዎ።"

"ስለምጨቀጭቅህ።"

ቨርሊን መለኪያውን ከጠመንጃው አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

"እንግዲህ" አለ ዴልበርት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ "ከፊትህ እንድጠፋልህ ብለህ ፊቴ ላይ የሚፈነዳ ነገር ሰጠኸኝ ማለት ነው።"

ስድብ ቢሆን ቨርሊን መልስ ነበረው። ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና ደፋው። ዴልበርት ካርዱን ሁለት ቦታ ቀዶ ኪሱ ከተተውና ወደ ቤቱ ገባ፤ ጠመንጃውን ጋሪው ላይ እንደተጋደመ ትቶት። ሪሲቨሩን ከላዩ ላይ የፈታችው ሎረና ናት።

ዓርብ ማታ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አዳራሽ የጾም ዓሣ የሚጠበስበት ቀን ነው፤ ክበቡም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ቨርሊን ሰሃኑን ሳይነካ ተነሥቶ ቆመ። ንግግር አላሳመረም። ማሽኑ ስለቆሸሸ ዘጠኝ ደህና ሪሲቨሮችን ልል ናቸው ብሎ ፈርዶ እንደነበር፣ አንዱ በእርግጥ ልል እንደሆነ፣ ሌላ አንድ ልል ደግሞ ሳይፈትን አሳልፎ እንደነበር ተናገረ። ሎረና ሁለቱን በአዲስ ልትተካ፣ ከእንግዲህም እያንዳንዱን ልትፈትን ቃል መግባቷን ጨመረ። ሲቀመጥ አንዱ "እኔ እኮ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር" አለ፤ ሌላው አርባ ገጹን ማገላበጥ ጀመረ፤ ሦስተኛው ስለ ፊደላቱ ቅርጽ ጠየቀ። አራት ሰዎች ዕቃቸውን ጎረቤት አውራጃ ላለ ሌላ መርማሪ እንደሚወስዱ አስታወቁ። አንዱ ቨርሊን ለሃያ ዓመት ጠመንጃውን በነጻ ሲያይለት የኖረ ሰው ነበር።

ያን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው ኦርቪል ሚንችን ነው። ማስተካከያውን ገጹ ላይ እንዲያወጣ ሲጠይቀው ኦርቪል፣ ማስተካከያ የሚያነብ ሰው እንደሌለ፣ ነገሩን መቀስቀስ የክበቡን ስም እንደሚያጎድፍ፣ ይልቅ በራሱ ጊዜ እንደሚረሳ አስረዳው፤ ዓሣውን እያላመጠ።

"መጥፎውን ለማውጣት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?"

"እሱማ አስቸኳይ ነበር።"

ቨርሊን ወንበር ስቦ ከጎኑ ተቀመጠ። ኦርቪል ዓሣውን ጨረሰ፤ ኬኩንም ጨረሰ፤ ቨርሊን አልተነሣም። በመጨረሻ ኦርቪል ኮምፒውተሩን ከመኪናው አመጣና በሁለት ጣቱ ይለቅም ጀመር። "ምናልባት" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስገብቶ ቨርሊን ሦስቱንም አስወጣው። "ስህተቱ የቨርሊን ስቶዳርድ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ግን ኦርቪል ያለ ምንም ጉትጎታ፣ በሚያስገርም ፍጥነት ጻፈው።

ለሎረና ከተሰረዙት ትዕዛዞች እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ገሚሱ ያህል ተመለሱ። ሌላው ገሚስ ቀረ። ይህን በስልክ ስትነግረው ቅሬታም ምስጋናም በድምፅዋ አልነበረም። ወርክሾፑ ለጊዜው እንዳልተዘጋ ብቻ ነገረችው።

ዊላ በበኩሏ ለሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ስታናግረው የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ ወንድሟ አስቸጋሪ መሆኑን ከእሱ አስቀድማ እንደምታውቅ፣ ለዚያ ግን ሁለት ዓይን እንደማይከፈልበት። ስልኩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጮኹን አቁሟል። ቨርሊን ያ ጸጥታ ይመቸኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልተመቸውም።

በግንቦት አዲሶቹ ሁለት ሪሲቨሮች ሲደርሱ ቨርሊን አንድ ጎረቤቱን ለምኖ ማሽኑን ፒክአፑ ላይ ጫነና ኮረብታውን ወጣ። ዴልበርት በሩን ከፍቶ አየው፤ ግባ አላለውም፤ ሂድም አላለውም። ማሽኑን ጎተራው ውስጥ አወረዱት። ቨርሊን መቀመጫውን ነቀለ፣ ጠረገ፣ ንጹሕ መሆኑን ለዴልበርት አሳየው፣ መልሶ ተከለ። ከሎረና የገዛውን አዲስ ማመሳከሪያ አስቀምጦ ተጫነ። አርባ አምስት። ከዚያ ሪሲቨሩን። ልክ ሆነ።

"እንደገና" አለ ዴልበርት።

ደገመ። ዴልበርት መርፌው ከምን እንደተሠራ ጠየቀ። ነገረው። አልማዝ ከሆነ ለምን እንደማያብረቀርቅ ጠየቀ። ነገረው። ሰባት ቀርቶ ስድስት ነጥብ ብቻ ቢያንስ ለምን ችግር እንደሚሆን፣ ሰሌዳውን ማን በቁጥር እንደከፋፈለው፣ ከፋፋዩስ ቢሳሳት ማን እንደሚያውቅበት ጠየቀ። ቨርሊን ሰዓቱን አንዴም ሳያይ መለሰለት። በስድስተኛው ፈተና ላይ ዴልበርት በቃ አለ። ካርዱን አስፈርሞ ተቀበለው። እጁን ግን አልዘረጋለትም።

ሰኞ ዕለት ቨርሊን ከነዳጅ ማደያው አንድ ወሬ ሰማ። ዴልበርት ያንኑ ሪሲቨር ይዞ ጎረቤት አውራጃ ወዳለው ሌላ መርማሪ ሄዶ አስፈትኖታል፤ ውጤቱም ያው ቨርሊን ያለው ሆኗል። ቨርሊን ቀኑን ሙሉ ሲብሰከሰክ ዋለ። ስድስት ጊዜ! ፊቱ ቆሞ፣ መቀመጫውን ጠርጎ፣ ስድስት ጊዜ! ለዊላ እራት ላይ ነገራት፤ የጠበቀው አብራው እንድትናደድ ነበር።

ዊላ ድንች እየቆረሰች፣ "አንተ ብትሆን አትወስደውም ነበር?" አለችው።

ይወስደው ነበር። ስለዚህ ጨው አቀብዪኝ አላትና እራቱን በላ።